የ1954ቱ ዋንጫ የት ገባ?

ባለፈው ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ ክፍላችን ስለ አፍሪካ አገሮች ነጻነት ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሠልጣኝ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ አገራችን በ1954 ዓ.ም. ያሸነፈችው የአፍሪካ ዋንጫ አሁን የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ከትምህርቱ የወጣ መስሏቸው ነበር። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያው መሰለኝና፣ «ጋና ወስዳዋለች» ብዬ በአጭሩ አለፍሁ። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «በምን ሥልጣን?» አለ።

ይህን «በምን ሥልጣን» ለመመለስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። አሁን የምጽፈውም ያንኑ ትንሽ አስፍቼ ነው። ዓመቶቹን የምሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ ያስፈልጋል ባልሁበት ቦታ የአውሮፓውን በቅንፍ አስገብቻለሁ።

በታሪካችን የመንግሥት ስጦታ ሦስት ዓይነት መልክ እንደነበረው ለመምህራን ማስረዳት አያሻም። አንደኛው ሹመት ነው፤ ዛሬ ተሰጥቶ ነገ ይነሣል፣ ሹም ሽር የሚባለውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ማደሪያ ነው። ሰውየው በአገልግሎቱ ዘመን ወይም በሕይወት እስካለ ድረስ ይበላበታል፤ ሲሞት ወይም አገልግሎቱን ሲያቆም መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ሦስተኛው ርስት ነው። ርስት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። የስፖርት ሽልማትም በእነዚሁ ሦስት መልኮች ሲሰጥ ኖሯል። በየትምህርት ቤቱ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የሚታየው ተዘዋዋሪ ዋንጫ ሹመት ነው፤ ዘንድሮ እኛ ዘንድ ይቀመጣል፣ ለከርሞ ጎረቤት ትምህርት ቤት ይወስደዋል። ያው ዋንጫ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ትምህርት ቤት ይቅር ከተባለ ደግሞ ርስት ይሆናል።

ማደሪያውስ? በስፖርት ዓለም ለማደሪያ ከሁሉ የቀረበውን ምሳሌ ያገኘሁት በእግር ኳስ ሳይሆን አሜሪካኖች ቤዝ ቦል በሚሉት ጨዋታ ነው። ቤዝ ቦል በእኛ አገር ብዙ አይታወቅም፤ በዱላ የሚመታ ትንሽ ኳስ፣ አራት ማዕዘን ሠርቶ የሚሮጥበት ሜዳ ነው ብለን እንለፈው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ጨዋታው ሳይሆን የበሩ ሥርዓት ነው። የዚህ ጨዋታ ሁለቱ ታላላቅ ሊጎች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመት ለተጫወቱ ሰዎች የዕድሜ ልክ ነጻ መግቢያ መስጠት ጀመሩ። መግቢያው የወረቀት ቲኬት አልነበረም፤ የባለቤቱ ስም የተቀረጸበት፣ በኪስ የሚያዝ የብር ወይም የወርቅ ቀለም ያለው ካርድ ነበር። በኋላ ዘመን ደንቡ ተስተካክሎ በዋናው ሊግ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ተጫዋች የወርቅ ካርድ ይሰጠዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርዱ የሰውየው እንጂ የቡድኑ አይደለም። የተጫወተው ለአንድ ከተማ ቢሆንም በሌላው ከተማ ስታዲየም በር ላይ ያስገባዋል። ብዙውን ጊዜም ባለቤቱ ከራሱ ጋር አንድ ሰው፣ ሚስቱን ወይም ልጁን፣ ይዞ ይገባበታል። ነገር ግን የተወሰነ ወንበር በስሙ አይያዝለትም፤ የዘወትሩን ግጥሚያ እንጂ የፍጻሜውን ዋስትና አይሰጥም፤ መብቱንም ለሌላ መሸጥ ወይም ማውረስ አይቻልም። ሰውየው ሲሞት መብቱ አብሮት ይሞታል። ብረቱ ግን ይቀራል። በዚህም ምክንያት የታዋቂ ተጫዋቾች ካርዶች በጨረታ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ገዢው በዚያ ካርድ የትኛውም በር አይገባም። የአያታቸው ማደሪያ የተሰጠበትን ደብዳቤ በሳጥን አስቀምጠው መሬቱ ግን የሌላቸውን ቤተ ሰቦች የሚያስታውስ ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል።

ስጦታው ለተጫዋቾች ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ1899 ዓ.ም. (1907) ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የወርቅ መግቢያ ተሰጥቷቸዋል። ፕሬዚዳንቱ ቤዝ ቦል የሚወዱ ሰው አልነበሩም፤ ለማይወድ ሰው የዕድሜ ልክ መግቢያ መስጠት እንግዲህ ለጨዋታው ክብር ለማግኘት እንጂ ለሰውየው ደስታ አይመስልም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በጥር 1973 ዓ.ም. (1981) የሆነው ነው። በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ታግተው 444 ቀን የቆዩት 52 አሜሪካውያን ሲለቀቁ፣ የጊዜው የቤዝ ቦል ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ለእያንዳንዳቸው የዕድሜ ልክ መግቢያ እንዲሰጣቸው አደረጉ። በአማርኛችን «የዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል ሲነገር ቀድሞ የሚመጣብን እስራት ነው። እነዚያ ሰዎች ከእስር ወጥተው የተሰጣቸው የዕድሜ ልክ መግባት ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እመለሳለሁ። የአፍሪካ ዋንጫ የተወለደው ካርቱም ውስጥ ነው፤ «በምን ሥልጣን» የሚለውም መልሱ ከዚያ ይጀምራል።

በሰኔ 1948 ዓ.ም. (1956) የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ በሊዝበን ሲደረግ፣ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን በአንድ ሆቴል ተገናኝተው አፍሪካ የራሷ ማኅበርና የራሷ ውድድር እንዲኖራት ተነጋገሩ። ግብፃዊው ዐብደል ዐዚዝ ዐብደላ ሳሌም በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የተቀመጡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበሩ። ከሱዳን ወገን ሐኪሙ ዶክተር ዐብደል ሐሊም መሐመድ ነበሩበት። በየካቲት 1949 ዓ.ም. (1957) እነዚህ ሰዎች በካርቱም፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለው በግራንድ ሆቴል ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያን ወክለው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ተገኙ። አራት አገሮች ተቀምጠው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሳሌም ሆኑ። የብር ዋንጫው በስማቸው ተጠራ።

ተማሪዎች ሁኔታውን እንዲያዩት የዘመኑን ካርታ ሰሌዳ ላይ መሣል ይጠቅማል። ሱዳን ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመት ከአንድ ወር ነበራት። ግብፅ ከስዊዝ ጦርነት የወጣችው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር። ዋንጫውን በኋላ ለዘለቄታው የምትወስደው ጋና ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና ጎልድ ኮስት የምትባል የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ነጻነቷን ያወጀችው የካርቱም ውድድር ካለቀ ከ18 ቀን በኋላ፣ በየካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው።

አራተኛዋ መሥራች ደቡብ አፍሪካ ናት። መንግሥቷ ዘር የሚለይ ስለነበረ፣ ልዑኳ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ልላክ አለ፤ ሁለቱን ደባልቆ መላክ ግን አልተቻለውም። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ወደ ዓለም እግር ኳስ የተመለሰችውም በ1984 ዓ.ም. (1992) ነው። ጥቁሩንና ነጩን ደባልቃ ዋንጫውን ያነሣችው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ በራሷ ሜዳ ነበር። ይህን ለክፍል ስናገር ሁልጊዜ የምለው አለኝ፤ አፍሪካ በእግር ኳስ መጀመሪያ የሰጠችው ነገር ዋንጫ ሳይሆን ክልከላ ነው፤ ያ ክልከላም ሠርቷል።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሁለት ግጥሚያ ብቻ ነበረው። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች። በየካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ስታዲየም በተደረገው ፍጻሜ ግብፅ እኛን 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎሎች ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ በሚል ቅጽል የሚጠራው መሐመድ ዲያብ አል አጣር ነበር። ይህን ስም አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ተመልሶ ይመጣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይም ግብፅ አሸነፈች። እንግዲህ ሦስተኛው ውድድር በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ፣ ግብፅ ለፍጻሜ የቀረበችው ሁለት ዋንጫ በእጇ ይዛ ነው። በጥር 13 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በተባለው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ስታዲየም በምንለው ሜዳ ግብፅ ቀድማ አገባች። ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ግብፅ ወዲያው ደገመች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አስቆጠረ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጨመሩ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የማናስተውለው ግን፣ ያ ቀን ለእኛ የመጀመሪያውን ዋንጫ የሰጠ ብቻ ሳይሆን ከግብፅ ሦስተኛውን የነሣ መሆኑን ነው። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ያስቀራል በሚለው ሚዛን ቢታይ፣ የሳሌም ዋንጫ ገና በአምስት ዓመቱ የካይሮ ርስት ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጋና ተራ መጣ። በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ በአክራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በቱኒስ አሸነፈች። አንድ ብቻ ቀራት። በጥር 1960 ዓ.ም. ፍጻሜው አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች። የዚያን ቀን ፊሽካ የያዘው ዳኛ ማን ይመስላችኋል? ካርቱም ላይ አራት ጎል ያገባብን አድ ዲባ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 9 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከመጀመሪያው ፍጻሜ ልክ በ13ኛ ዓመቱ በዚያው ቀንና በዚያው ካርቱም፣ ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች። (በዚያ ውድድር እኛ የነበርንበትን ምድብ ባላነሣ እመርጣለሁ። ካርቱም ላይ አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ስትረታን ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አገባብን።) እንግዲህ የዘለቄታው በር በጋና ፊት ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ አንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በካርቱም። ሁለቱም ከተሞች የመሥራቾቹ ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. ዛየር ሁለተኛዋን ስታገኝ፣ ግብፅ፣ ጋናና ዛየር እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይዘው ተፋጠጡ። በ1968 ዓ.ም. ውድድሩ እንደገና ወደ እኛ መጥቶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲደረግ ሞሮኮ ስለወሰደችው ፍጥጫው ባለበት ቆየ። በመጨረሻ በመጋቢት 1970 ዓ.ም. (1978) ጋና በአክራ ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛዋን አገኘች፤ የሳሌም ዋንጫም ከተዘዋዋሪነት ወጥቶ የጋና ሆነ። ለልጁ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው። የተተካው የአፍሪካ አንድነት ዋንጫም በዚሁ ደንብ በየካቲት 1992 ዓ.ም. (2000) ካሜሩን ሦስተኛ ድሏን ሌጎስ ላይ ስታገኝ ለእርስዋ ቀረ።

ሠልጣኞቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ርስት ከማደሪያ የተሻለ መሆኑን ወሰኑ፤ አገር አይሞትምና ዋንጫውም አይመለስም አሉ። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። ርስት የሚጸናው ጠባቂ ሲኖረው ነው። ብራዚል የዓለም ዋንጫን ሦስት ጊዜ አሸንፋ በ1962 ዓ.ም. የጁል ሪሜን ዋንጫ ለዘለዓለም ወሰደች፤ በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ተሰረቀ፣ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2008ና በ2010 በተከታታይ አሸንፋ ያስቀረችው ዋንጫ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከሌሎች አሮጌ ዋንጫዎች ጋር ከፌዴሬሽኑ ሕንጻ መታጣቱ ተነገረ፤ ሕንጻው በ2005 ዓ.ም. በእሳት መጋየቱም አብሮ ተነሣ። ዋንጫው የተወለደባት ካርቱም ራሷ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሜዳ ሆነች። ያች ከተማ የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስትመሠርት፣ ከ66 ዓመት በኋላ ሕዝቧ ቤቱን ጥሎ ይሰደዳል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም። ከሸሹትም መካከል ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ መጥተዋል።

የቤዝ ቦሉ ካርድ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ በረኛና አንድ ወንበር ብቻ ነው። ሙዚየም አይጠይቅም፣ ዘበኛ አይጠይቅም። ባለቤቱ ሲሞት የሚጠፋ መሆኑ እንደ ጉድለት ይታይ ይሆናል፤ ሆኖም በሕይወት ሳለ ሰውየው ራሱ ያገኘዋል። ከአፍሪካ ዋንጫ ጋር ሳነጻጽረው የሚታየኝ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ካርቱም ላይ የተቀመጡት ሰዎች ለአገር የሚሰጠውን አሰቡ። አገሮቹ አዲስ ስለነበሩ፣ ባንዲራቸውም ገና ስላልደበዘዘ፣ አልፈርድባቸውም። ለተጫዋቹ በግሉ፣ ጉልበቱ ከደከመ በኋላ በበሩ በኩል ምን እንደሚደረግለት ግን የካርቱሙ ዋንጫ የሚለው ነገር የለም።

ይህን ያነሣሁት ያው ልጅ ደወል ሊደወል ሲል ሁለተኛ ጥያቄ ስለጠየቀኝ ነው። «ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው ሰውዬስ የት ደረሰ?» አለ።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በአስመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት የተወለደ ነበር። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ ጣልያን ገባ፤ ቀሪ ዕድሜውን እዚያው ኖረ። መንግሥቱ ወርቁ ጎንደሬው በአገሩ ቀርቶ በ2003 ዓ.ም. አረፈ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ያገባቸው ጎሎች አሥር ናቸው። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት መርተው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሞቱ። ሉቺያኖ ከሁሉ ዘግይቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በጣልያን አረፈ፤ ዕድሜው 87 ነበር።

ሰሌዳው ላይ ቀንሰን አየነው። ዋንጫው በእኛ ዘንድ የቆየው ከጥር 1954 እስከ ኅዳር 1956 ዓ.ም. ነው፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሰውየው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖሯል።